የባዶው ላይብረሪ «እሺ»

ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔና ሁሉም ሰው «እታለም» የሚላት የሥራ ባልደረባዬ።

የምንሠራው የሆስፒታል መጥሪያ ነው። ታማሚ አልጋው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ነርሶቹ ጋ ይጮኻል። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሙን ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ እንዲጫን አድርጎ ማሸግ ነው።

ሳሽገው ግን... ማስጠንቀቂያ መጣ።

ፕሮግራሙ ጥሪውን ለነርሶቹ የሚያደርስ «ድረስ» የሚባል ተግባር ይጠራል፤ ይህ ተግባር በየትኛውም ላይብረሪ ውስጥ የለም።

ፕሮግራም ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም፤ ብዙውን ሥራ ላይብረሪ ከሚባሉ ቀድመው ከተሠሩ የፕሮግራም ስብስቦች ይዋሳል። ስለዚህ ትክክለኛውን ላይብረሪ ፈልጌ ማገናኘት ነበረብኝ። አለቃችን ደግሞ «አላለቀም? አላለቀም?» እያለ በስልክ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ባዶ ላይብረሪ ሠራሁ። ውስጡ «ድረስ» የሚል ስም ብቻ አለ፤ ሥራ የለውም። ሲጠሩት «እሺ» ብሎ ዝም ይላል።

ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

«ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አለች እታለም።

«አስተካከልኩት።»

«የእውነት? እማዬ እዚያ ሆስፒታል ተኝታለች እኮ... አደራ!»

«አትስጊ አልኩሽ!»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ቁልፉን ተጭኜ እንኳ አልሞከርኩትማ!

ከምሳ በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ፕሮግራሙን እኔው ጫንኩት። አመሻሹ ላይ፣ እዚያው እንዳለሁ፣ ነርሷ ስክሪኑን አይታ ፈገግ አለች።

«ዛሬስ ሰላም ነው። አንድም ሰው አልጠራን።»



የእታለም እናት ወደተኙበት ክፍል ገባሁ። ከንፈራቸው ደርቋል። ቁልፉን በእጃቸው ጨብጠውታል።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ውሃ ጠማኝ ብዬ ስጣራ ዋልኩ ልጄ...»

«ማንም አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር እንጂ።»

«ማን?»

ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ነሃ! በሩ ላይ ትቆምና "እሺ" ትለኛለህ... ከዚያ ዝም።»

ውሃ ቀድቼ አጠጣኋቸው። ስቸኩል ግማሹን አንገታቸው ላይ አፈሰስኩት። «ተባረክ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሮጬ ወደ ነርሶቹ ኮምፒውተር ሄድኩና ያን ባዶ ላይብረሪ አጠፋሁት። ያለሱ ፕሮግራሙ መነሳት አይችልም።

እንደገና ሳስነሳው ግን ተነሳ።

ስክሪኑ አሁንም ጸጥ... አንድም የሚጠራ የለም ይላል።

ለነርሷ መንገር ነበረብኝ። «ሲስተር፣ በዚህ እንዳትተማመኚ» ማለት ምን ይከብዳል? አጠገቧ ቆሜ ገመድ የማስተካክል መሰልኩ።

ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት።

«እማዬን አየሃት? እንዴት ናት?»

ንገራት አልኩ ለራሴ። አሁን ንገራት።

«ደህና ናቸው» አልኩ። «መጥሪያውም ይሠራል።»

«ተመስገን! ወንድም ነህ እኮ አንተ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ እማማ ተመለስኩ። ቢያንስ አጠገባቸው ልሁን ብዬ ነው። ትንፋሻቸው ከብዷል። ቁልፉን ደጋግመው ይጫናሉ።

«እማማ፣ ይተዉት... እኔ አለሁ።»

«በሩ ላይ የሚቆመው ይምጣልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ኮሪደሩ ላይ የእርምጃ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ። የማይቸኩል።

በሩ ተከፈተ።

«እሺ» አለ አንድ ድምፅ።

ቀና ብዬ ፊቱን ማየት ነበረብኝ። አፈርኩ። እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ሀፍረቱ ባሰ። አንገቴን እንደደፋሁ ቀረሁ።

የታየኝ ጫማው ብቻ ነው። ጠዋት ያሰርኩት የራሴ ጫማ ነው፤ ክሩ እንኳ አልተፈታም።

ወደ እግሬ አየሁ...

በካልሲ ቆሜያለሁ።