በግማሽ ቃና ዝቅ

ሽቴፋኒያ ሆሉቦቫ የልብስ መቀየሪያውን ክፍል በር ስትከፍተው ባሏ እግሯ ላይ ወደቀ።

ቬንደሊን ሆሉብ የፖድሃይ መንደር ኅብረ ዜማ መሪ ነበር። ለባህል ዘፈን ፌስቲቫል ውድድር ወደ ሆርኒ ያሴን ባህል አዳራሽ ያመጣቸው ዘፋኞቹ በዚያው ሰዓት መድረክ ላይ ቆመው ጭብጨባ እየተቀበሉ ነበር። ሕዝቡ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አስዘፍኗቸዋል። መሪያቸው ግን ከመድረኩ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ሸሚዙ እንደሆነ ሞቶ ነበር። ቁልፉ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ተገኝቷል።

ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ክራይኒኮቫ ስትደርስ የፌስቲቫሉ ሐኪም ቦርሳውን እየዘጋ ነበር።

«በከንቱ ደከሙ፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ልቡ ነው። የቆየ በሽተኛ ነበር።»

ኦቲሊያ ተንበረከከች። ሃምሳውን የተሻገረች፣ አጠር ያለች፣ ቸኩላ የማታውቅ ሴት ናት። የሟቹን እጅ አነሳችና ጥፍሮቹን አየች። ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ገብቷል። ከዚያ የበሩን የውስጥ ገጽ አየች፤ ከመያዣው በታች ቀለሙ በረጃጅሙ ተቧጭሯል።

«ዶክተር፣ ልብ በር ይቧጭራል?»

ሐኪሙ ቦርሳውን መልሶ ከፈተ።

ከመድረክ በፊት ወደዚያች ክፍል የቀረቡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ኦቲሊያ በመለማመጃው ክፍል ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። መጀመሪያ የገባው የሟቹ ምክትል ብላዤይ ሱሃኔክ ነው። በተዘጋው የወረቀት ፋብሪካ መካኒክ የነበረ፣ ወፍራም ድምፅና ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ነው። በጥልፍ ከተሠራው የባህል ሸሚዙ ላይ የደረበው ጥቁር ጃኬት ትከሻው ላይ ጠቦታል።

«የእርስዎ አይመስልም» አለች ኦቲሊያ።

«የቬንደሊን ነው። መሪ ያለ ጥቁር ጃኬት አይቆምም። ‹ደክሞኛል ብላዤይ፣ ዛሬ አንተ ምራልኝ› አለኝና አውልቆ ሰጠኝ።»

«ሌላስ ምን አሉዎት?»

«‹ለክቬታ እንዲቀልላት በግማሽ ቃና ዝቅ አድርገህ ጀምር› አለኝ። ክቬታ ሚስቴ ናት፤ ለብቻ የሚዘፈነውን ክፍል፣ ሶሎውን፣ የምትዘፍነው እሷ ናት። ላይኛው ድምፅ ዘንድሮ ትንሽ ያስቸግራታል። እሺ ብዬው ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌው ነው የወጣሁት። ማን እንደቆለፈው እንጃ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንጣላ ነው የኖርነው። አንድ ቀን ሳንጣላ ብንውል መንደሩ ሐኪም ይጠራልን ነበር።»

«ጠዋት ልምምድ ላይ ነበሩ?»

«አልነበርኩም። የሁሉንም ልብስ በመኪናዬ ጭኜ ስለመጣሁ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው የደረስኩት።»

ቀጥላ የገባችው ራድካ ናት። ቀጭን ድምፅ ያላት፣ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ስትሆን ከዘፋኞቹ ሁሉ ታናሽ ነች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አፏ ግን አላረፈም።

«ሁሉም እኔን እንደሚያዩ አውቃለሁ። ወደ መድረክ ስንወጣ መጨረሻ የነበርኩት እኔ ነኛ! የጫማዬ ክር ተፈትቶ ነው። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፣ በሩ ያኔም ዝግ ነበር። ቁልፉን አላየሁም።»

«ለምን አንቺን ያዩሻል?»

ራድካ አንገቷን ደፋች። «ጠዋት ልምምድ ላይ ጋሽ ቬንደሊን ሶሎውን ከእትዬ ክቬታ ነጥቆ ለእኔ ሰጠኝ። ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ‹እዚያች ቦታ ስትደርሺ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ትንቋቋለሽ፣ በቃሽ› አላት። እኔ ራሴ አፈርኩለት።»

«መድረክ ላይ የዘፈነችው ግን እሷ ናት አሉ።»

«አዎ! ለሶሎው ወደ ፊት ልወጣ ስል ጋሽ ብላዤይ በእጁ ወደሷ ጠቆመ። ደሜ ፈላ። ጋሽ ቬንደሊን ሐሳቡን ቀየረ ማለት ነው አልኩ። መድረክ ላይ ምን ይደረጋል? አፌን ዘጋሁ። ከዚያ እሷ ጀመረች...» ልጅቱ ዓይኗን ጠረገች። «እንደዚያ ዘፍና አታውቅም። እኔ መቼም እንደዚያ አልዘፍንም።»

«ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

አለ። ቬንደሊን ከዘፈኑ በኋላ የፖድሃይ ኅብረ ዜማ ማክተሙን እዚያው መድረክ ላይ ሊናገር ነበር። የከተማ ቡድን ሊመራ ተስማምቷል፤ ከመንደሩ ይዟት የሚሄደው ራድካን ብቻ ነው። ምሥጢሩን የነገራትም ለእሷ ብቻ መሆኑን ማለላት።

«ሌሎቹስ?» አለች ኦቲሊያ።

«‹ወጣቱ ሁሉ ኦስትሪያ ገብቷል፤ የቀሩት ቀባሪ የሚጠብቁ ናቸው› አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ኢንስፔክተር። እውነቱን ነበር።»

ሚስቱ ሽቴፋኒያ ስትገባ የሲጋራ ሽታ ይዛ ገባች። ቪየና ውስጥ አንዲት አልጋ የያዘች አሮጊት ታስታምማለች፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ቤቷ። የመጣችው ትናንት ነው።

«ባልዎን ይወዱት ነበር?»

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«እሺ። ቡድኑ ሲዘፍን የት ነበሩ?»

«ኮሪደሩ ጫፍ፣ የጓሮው በር ላይ። ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ነው የመጣሁት። አዳራሹ ውስጥ ሲጋራ አይጨስም፤ እዚያ ቆሜ ሰማኋቸው። ሲዘፍኑም፣ ወለሉን በእግራቸው ሲመቱም።»

ኦቲሊያ ቀና አለች። «ሲመቱ?»

«ድም፣ ድም ይል ነበር። የባህል ዘፈን አይደል? ይረግጣሉ።»

«የልብ መድኃኒት ነበረው?»

«ምላሱ ሥር የሚረጫት ትንሽ ነገር አለችው። ከስልኩ ጋር በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ነው የሚይዛት። ሽንት ቤት እንኳ ያለሷ አይሄድም። እኔን ረስቶኝ ያውቃል፤ እሷን ረስቷት አያውቅም።»

መጨረሻ የገባችው ክቬታ ናት። የራስ መሸፈኛዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ በእርጋታ ተቀመጠች። ከሁሉም በላይ ሐዘኑ የገባት እሷ ትመስል ነበር፤ ሆኖም ፊቷ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ኦቲሊያ ሥራዋ ላይ ብዙ ጊዜ የማታየው ነገር ስለሆነ ደስታ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት።

«ጠዋት አዋርዶዎታል አሉ።»

«አዋርዶኛል። ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ልቡ ራርቶ መለሰልኝኮ! በግማሽ ቃና ዝቅ አድርጉላት ብሎ አዘዘ። ሳላመሰግነው ሞተብኝ።»

«ሶሎውን እንደነጠቀዎት ለባለቤትዎ ነግረውት ነበር?»

«ለብላዤይ? ኧረ አልነገርኩትም። ሌሎቹንም እንዳትነግሩት ብዬ ለመንኳቸው።»

«ለምን?»

ክቬታ ጨርቁን ደጋግማ አጠፈችው። «ልጃችን ከሞተ ወዲህ እኔን ያቆመኝ ይኸው ዘፈን ነው። ብላዤይ ደግሞ እኔን ለማቆም ነው የሚኖረው። ቢሰማ ኖሮ ቬንደሊንን...» ቃሉን ሳትጨርሰው ዋጠችው። «ይቆጣ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

ኦቲሊያ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት፤ ይህን ለማንም አላደረገችም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመለማመጃው ክፍል መስኮቶች ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። የፖድሃይ ሰዎች ሁሉ ፒያኖውን ከበው ተቀምጠዋል። ከአዳራሹ የሌላ መንደር ዘፈን ይሰማል። ኦቲሊያ በሩ ላይ ፖሊስ አቁማ መሐላቸው ቆመች።

«እኔ ዜማ የሚባል ነገር አይገባኝም» ብላ ጀመረች። «ትምህርት ቤት እያለሁ አስተማሪያችን ‹አንቺ አፍሽን ብቻ ክፈቺ› ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬም የሰማሁት ንግግራችሁን ብቻ ነው። አቶ ቬንደሊን ልባቸውን አሟቸው ነው የሞቱት፤ ሐኪሙ ትክክል ነው። ግን ጥፍራቸው እስኪላጥ በር የሚቧጭር ሰው ማረፍ አልፈለገም። መውጣት ነው የፈለገው። አንድ ሰው ቆልፎባቸዋል። ራድካ፣ ዛሬ የዘፈናችሁት ዘፈን እግር መምታት አለበት?»

«እግር? የሕፃን ማስተኛ ዘፈን እኮ ነው።»

ሽቴፋኒያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው አላነሳችውም።

«ወይዘሮ ሽቴፋኒያ የሰሙት ድምድምታ ከበሩ ነው» አለች ኦቲሊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዘፈኑ ሲጀመር በሕይወት ነበሩ፣ ተቆልፎባቸውም ነበር። ታዲያ የቆለፈው ማነው? ወይዘሮ ሽቴፋኒያ ኮሪደሩ ላይ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ባይሆን ኖሮ እንኳ፣ ቆልፎ የገደለ ሰው መርማሪ ሳይጠይቀው ድምድምታ ሰማሁ አይልም። ራድካ በሩ አጠገብ መጨረሻ ነበረች። ሆኖም ያን ሰዓት ሶሎው በእጇ ነበር፤ ወደ ከተማ የሚወስዳትም ሟቹ ነው። በሕይወት መኖሩ የሚጠቅመው ሰው ቢኖር እሷ ነች። አቶ ብላዤይ፣ ቬንደሊን ምን ብለው እንዳዘዙዎት እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ነግሬዎታለሁ። በግማሽ ቃና ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ለክቬታ እንዲቀልላት።»

በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ብላዤይ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

«ጠዋት ልምምድ ላይ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ባላሉኝ» አለች ኦቲሊያ። «ሟቹ ሶሎውን ከሚስትዎ ነጥቀው ለራድካ ሰጥተዋል። ራድካ ደግሞ ዝቅ ማድረግ አያስፈልጋትም። እዚህ ክፍል ውስጥ ካለነው ሰዎች ይህን እስካሁን ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቬንደሊን ያንን ትእዛዝ ሊሰጡ አይችሉም። ትእዛዙ የእርስዎ ነው።»

ብላዤይ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ነጠቀሽ?»

ክቬታ ዓይኗን ወደ መሸፈኛዋ አወረደች።

«ምናልባት ከልምምዱ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል» አለች ኦቲሊያ፤ «እኔም አስቤዋለሁ። ስለዚህ እባክዎ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ እጅዎን ይክተቱ።»

ሽማግሌው እጁን ከተተ። መጀመሪያ ስልክ አወጣ። ቀጥሎ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የመድኃኒት መርጫ አወጣ። ሁለቱንም ፒያኖው ላይ አስቀመጣቸው።

«ሽንት ቤት ያለሷ የማይሄድ ሰው ደክሞኛል ብሎ ጃኬቱን በፈቃዱ ሲሰጥ መድኃኒቱን እዚያው አይተዋትም። ጃኬቱን አልሰጡዎትም። እርስዎ ነዎት ያነሱት።»

ብላዤይ ወንበሩ ላይ ኩርምት አለ። ሲናገር ያ ወፍራም ድምፁ የለም።

«ቡድኑ ዛሬ አከተመ፣ መድረክ ላይ እናገራለሁ አለኝ። አንድ ዓመት ብቻ ታገሠን ብዬ ለመንኩት። ‹አስከሬን ሳስዘምር አልኖርም› አለኝ። ተጯጯህን። ከዚያ ደረቱን ያዘ። ወደ ጃኬቱ ጠቆመኝ። እውነቴን ነው፣ ከመስቀያው ያወረድኩት ልሰጠው ነበር። ያኔ ስማችንን ጠሩ። ‹ፖድሃይ› ሲሉ ሰማሁ። አምቡላንስ ከተጠራ መድረክ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እኛ የለንም። አንድ ዘፈን ነው፣ አንድ ዘፈን ያህል ይጠብቀኛል አልኩ። ለበስኩትና ቆለፍኩ።»

«ዘፈኑ ሲያልቅስ?»

«ድገሙ አሉና!» አለ ብላዤይ፣ ፊቱ ተጨማዶ። «ተነሥተው ድገሙ አሉን። ክቬታ አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ ካየችኝ ስንት ዓመት አልፏል። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?»

ክቬታ ወደ ኦቲሊያ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ጠፍቷል።

«ሁለተኛውን ስዘፍን በሕይወት ነበር?»

ኦቲሊያ መዋሸት አሰኝቷት ነበር። «ምናልባት። ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለም።»

«ሰምቶኛል ማለት ነው።» ከዚያ ክቬታ ተነሥታ ባሏ ፊት ቆመች። ብላዤይ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ።

«እንዳትል» አለችው። «‹ለአንቺ ብዬ ነው› እንዳትለኝ። ሁሉን በለኝ፣ እሷን ግን እንዳትለኝ።»

የሚለው ሌላ አልነበረውም። አፉን ዘጋ፤ ፖሊሱም ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ከፌስቲቫሉ አዘጋጆች አንዷ፣ ምንም ያልሰማች ሴት፣ በሩን ከፍታ በፈገግታ ብቅ አለች። «የፖድሃይ ሰዎች እዚህ ናችሁ? ዳኞቹ በአንደኛ ደረጃ አሳልፈዋችኋል! ምሽት ላይ ወጥቶ ሽልማቱን የሚቀበል ሰው ስጡኝ።»

አንዱም ከወንበሩ አልተነሣም። ሴትዮዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደቀረ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አውቶቡሱ ሳይመሽ ተነሣ። ሽቴፋኒያ ከአስከሬኑ ጋር ቀርታለች። ራድካ የኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ሾፌሩ የቆየ ወዳጃቸው ነው፤ ከየፌስቲቫሉ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ይዘፍኑለት ነበር። ከከተማው እንደወጡ በመስታወቱ አያቸውና፣ ዝምታው ሲከብደው ጊዜ ሬዲዮ ከፈተ።

«ዝጋው፣ እባክህ» አለች ክቬታ።

ዘጋው። ወንዙን ተከትለው ወደ ፖድሃይ ወረዱ።