የአንድ ዓይናው አባት

ፓውሎ ሞቶ የተገኘው ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሥዕል ይሥልበት ከነበረው ጠረጴዛ ፊት እንደተቀመጠ ነው። አጠገቡ የወይን ብርጭቆ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር የቆዳ መሸፈኛ። መሸፈኛው ሽማግሌው በወጣትነቱ ለጋዜጣ የፈጠረው የሥዕል ጀግና፣ «አንድ ዓይናው» የተባለው ሐበሻ ሽፍታ ምልክት ነበር። ጀግናው ከጋዜጣ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ልቦለድ ተሻግሯል፤ አሁን ደግሞ ፊልም እየተሠራለት ነው።

«ራሱን ገድሏል» አለ ሐኪሙ። «ወይኑ የእንቅልፍ መድኃኒት አለበት። ጀግናውን መስሎ ተሰናበተ።»

መርማሪዋ ማክዳ ጀግናውን ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ እናቷ ታነብላት ነበር። ግድግዳውን የሞሉትን ሥዕሎች አየች፤ ከዚያ ሬሳውን፤ ደግሞ ሥዕሎቹን።

በሞተበት ዕለት ሊጠይቁት የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። በሬዲዮ የጀግናውን እናት ሆነው የተጫወቱት ወይዘሮ ሰብለወንጌል እንባቸው አልቆም አለ።

«እርስዎ ሲሄዱ እንዴት ነበር?»

«ተቆጥቶ ነበር ልጄ። ‹ሐበሻውን ፈረንጅ ሊያደርጉብኝ ነው፤ ፊልሙን በፍርድ ቤት አሳግዳለሁ› አለኝ።»

ልቦለዱን የጻፈችው ቢያንካ ደግሞ በንዴት ጦፈች። «ራሱን ሊገድል? ነገ ምዕራፍ እንዳነብለት ቀጥሮኝ?»

የፊልሙ አዘጋጅ ኒኮላ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ፊልሙን ያየ ሰው አለ?»

«ከእኔና ከሠራተኞቼ በቀር ማንም አላየውም።»

«ጀግናውን የሚጫወተው ተዋናይስ እንዴት ነው?»

«ውብ ነው! በተለይ ቀኝ ዓይኑን ካሜራ ይወድለታል። እሱን እንዴት እሸፍናለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ማክዳ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ግድግዳውን እዩ። ጀግናው የታወረው ቀኝ ዓይኑ ነው። ሬሳው ላይ የተሸፈነው ግን ግራው ነበር። ፓውሎ ዕድሜ ልኩን የሣለውን አይስትም፤ ያሰረለት ሌላ ሰው ነው። ቢያንካ፣ በልቦለድሽ የትኛው ነው?»

«ቀኙ።»

«እትዬ ሰብለወንጌልስ?»

«በሬዲዮ ማን ያያል? ግን ‹ወይኔ የልጄ ቀኝ ዓይን!› እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩለት።»

«የተዋናይህን ቀኝ ዓይን ላለመሸፈን ግራውን የሸፈንከው አንተ ብቻ ነህ፣ ኒኮላ። ባልደረቦቼ የፊልምህን ዕቃ ቤት ፈትሸዋል፤ አንድ የዓይን መሸፈኛ ጎድሏል።»

ኒኮላ ብድግ አለ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ሊያሳግደኝ ነበር! ያለኝን ሁሉ አፍስሼበታለሁ!»

«እሱም ያለውን ሁሉ አፍስሶበታል» አለች ማክዳ።

በካቴና ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«አስከሬኑን መቼ ትሰጪኛለሽ?»

«ለዘመድ ነው የሚሰጠው፣ እትዬ።»

«ዘመድ የለውም። እኔ እቀብረዋለሁ።»

ማክዳ ደንቡን ታውቃለች። ግን «ነገ ይምጡ» አለቻቸው።