ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ረውዳ አደም ስትቆጣ ታምራለች ይባል ነበር። ይህን ፊት ለፊት የነገራት ሰው ግን የቁጣዋን ቀምሶ ነበር የሚመለሰው።

ሙሜም መጀመሪያ ያያት ስትቆጣ ነው። ዘመኑ 1975 ዓ.ም.፣ በጋው ከርሮ ሐረር ውሃ የጠማት ጊዜ ነበር። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ለሆነው ለቡዳ በር ሰፈር ቧንቧና ሲሚንቶ ልስጥ፣ ቦኖ ትከሉ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግንቡ ውስጥ ያለው አፎቻና ከግንቡ ውጪ ያለው እድር አንድ ኮሚቴ ይምረጡ። አፎቻም እድርም ያው በሐዘንና በደስታ አብሮ የሚቆም የጎረቤት ማኅበር ነው። አፎቻው የጀጎል ሙስሊሞች፣ እድሩ ደግሞ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ የክርስቲያን ሠራተኞች ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት ውሃ ወረፋ ላይ ነው፤ እዚያም የሚገናኙት ለጠብ ነው።

ሙሜ ድርጅቱ ሁለቱን እንዲያስማማ የቀጠረው ወጣት ነበር፤ ከከተማው ውጪ ያለችው የሶፊ ገበሬ ልጅ፣ ሐረር ተምሮ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ። በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ ስለ መተባበር ረጅም ንግግር አደረገ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይገላመጣሉ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ ረውዳ ከእናቷ ከወይዘሮ አሚና አጠገብ ብድግ አለች።

«ወንድሜ፣ መተባበርስ አላነሰንም። ሰው ሲሞት እንተባበራለን፣ ሰርግ ሲመጣ እንተባበራለን። ያነሰን ውሃ ነው! ይልቅ ቦኖው የት እንደሚተከል ንገረን።»

«ከበሩ ውስጥ!» አሉ የአፎቻው ሴቶች።

«ምን ሲደረግ! ከበሩ ውጪ!» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ብዙነሽ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

ጉድ ፈላ። ሙሜ እጁን እያወዛወዘ ለማረጋጋት ቢሞክር ማን ሰምቶት።

«እንግዲያው እበሩ ሥር ይተከላ!» ብላ ጮኸች ረውዳ። «ከውስጥም ከውጪም የመጣ እዚያው ይቅዳ፤ ወይ ሁላችንም በውሃ ጥም እንለቅ!»

ከዚያ ወይዘሮ ብዙነሽ በሳቅ ፈነዱ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት? እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ስንጨቃጨቅ የት ነበረች?»

ሁሉም ሲስቅ ሙሜ አልሳቀም። እሷን ያይ ነበር። ረውዳ ከተቀመጠችም በኋላ ዓይኑ ከእሷ እንዳልተነሳ ታወቃት፤ ወይ ጉድ፣ ደስ አላት።

ሥራው ተጀመረ። እሑድ እሑድ ወንዶቹ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳሉ። መጀመሪያ ምሳ እንኳ ለየብቻ ነበር የሚበሉት። ሙሜ ግን ተንኮለኛ ነው፤ አንዷን ከአፎቻው፣ አንዷን ከእድሩ እያጣመረ አንድ ባሬላ ያሸክማቸዋል። አንድ ባሬላ ይዞ ደግሞ መኳረፍ አይቻልም። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አሚና የወይዘሮ ብዙነሽን የወገብ ሕመም፣ ወይዘሮ ብዙነሽም የወይዘሮ አሚናን የጉልበት ሕመም ከነመድኃኒቱ አወቁ።

አንድ እሑድ ረውዳ የባሬላውን ጫፍ ይዛ ሙሜን ጠራችው።

«ና ያዝ! ሰው ስታጣምር ራስህን ረሳህ?»

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው አሸዋ ተሸክመው ሄዱ። ሙሜ የሚያወራው ስለ ሲሚንቶና ስለ ቧንቧ ብቻ ነው። ዓይኑ ሻሿ ላይ እንዳረፈ ሳትዞር ታውቃለች።

«ከሥራ ሌላ ወሬ የለህም?»

«አለኝ። ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«አባትሽን። ሽማግሌ ብልክ ምን ይላሉ?»

ባሬላውን ልትለቀው ምንም አልቀራት። ፊቷ እሳት ሆነ፤ ደግነቱ እሱ ከኋላ ነው።

«ቦኖው ሲመረቅ ሥራዬ እዚህ ያልቃል» አለ ሙሜ። «ጅጅጋ ሊልኩኝ ነው። አንቺ እሺ ካልሽኝ ግን የትም አልሄድም፤ እዚሁ ሥራ አላጣም።»

«እሺ ብያለሁ። አሁን ቀጥ ብለህ ተራመድ፣ አሸዋውን ደፋኸው!»

ወሬው ሐጂ አደም ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። ሐጂ አደም የረውዳ አባት፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቃላቸው የከበደ ሰው ናቸው። ማታ ለሚስታቸው ሲናገሩ ረውዳ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የሶፊ ልጅ መሆኑን አልጠላሁም። ሙስሊም ነው፣ ጨዋ ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። ግን እዚህ ከተማ አፎቻው የት ነው? ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ክፉ ቀን ቢመጣ በሩ ላይ ማን ይቆማል? ልጄን ለብቸኛ ሰው አልሰጥም!»

ረውዳ አለቀሰች። ነገር ግን ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አልነበረችም፤ ሽማግሌዎቹ ይምጡ እንጂ ያኔ እናያለን ብላ ለሙሜ ምንም ሳትነግረው ቀረች።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሙሜ ሰዉ ተቀላቅሎ እንዲቀመጥ ብሎ ከየቤቱ አንድ አንድ ምንጣፍ እንዲመጣ አስነገረ። የእነረውዳ ምንጣፎች ደግሞ ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ሁሉም እዚያ ሄደዋል፤ ወይዘሮ አሚናም እዚያው ነበሩ። ረውዳ ቤቱን ብታስስ የቀረው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘችው። እሱም ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ነው።

በጀጎል ያ ምንጣፍ እንዲያው ጌጥ አይደለም። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ያለበት ቤት ያልተዳረች ልጅ አለችው። ልጅቷ ስትሰጥ ምንጣፉ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ረውዳም ታውቃለች።

«ለግማሽ ቀን መውረዱን ማን ያያል?» አለችና በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደችው፤ በጎረቤት ልጅ አስይዛም አስቀድማ ላከችው።

ማን ያላየው አለ! ቡዳ በር ስትደርስ ቦኖው ተከፍቶ ውሃው እየተንፎለፎለ፣ ልጆች እየተራጩ፣ እልልታው ቀልጦ ነበር። ሙሜ ግን ከምንጣፎቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ስትቀርበው ቀና አላለም።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ለሁላችንም መብሩክ! ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ነገ ጅጅጋ እሄዳለሁ።»

ምን አድርጌው ይሆን ብላ ሳትጨርስ ወይዘሮ ብዙነሽ እልል እያሉ መጥተው አንገቷን አቀፏት።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ቆንጆ! በበራችሁ ሳልፍ ምንጣፉ የለም! ለማን ተሰጠሽ?»

አሁን ገባት። ሙሜም በዚያው በር አልፎ ነበር። ረውዳ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ እሱን፣ በመጨረሻም የተቀመጠበትን አየች። ሳቅ አፈናት።

«ተነስ!»

«ምን?»

«ተነስ እልሃለሁ! የተቀመጥክበትን እየው።»

ሙሜ ተነስቶ አየ። ጥቅሉ ዘመኑን ሙሉ የታሰረበት የገመድ ምልክት ቀዩ ምንጣፍ ላይ ጉልህ ብሎ ይታያል።

«ከየቤቱ አንድ ምንጣፍ ያልከው አንተ አይደለህ? ሌላ አጣሁ!»

«እና... አልተሰጠሽም?»

«ለማን ልሰጥ? ሽማግሌ ልከሃል እንዴ?»

ሙሜ ሳቁ ሲመጣ እንባውም መጣ። እጇን ሊይዝ ዘረጋና ሰው መኖሩን አስታውሶ ሰበሰበው። አርብ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ እስከዚያ ጅጅጋ እንደማይሄድ በአላህ ስም ማለላት።

ሐጂ አደም ግን መጋላ ውስጥ ያገኛቸው ሁሉ መብሩክ ሲላቸው ውሎ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ገቡ።

«ስሜን መጫወቻ አደረግሽው! እኔ ሳላውቅ ልጄ ተሰጠች!» ምንጣፉን በገዛ እጃቸው መልሰው አሰሩት፤ ገመዱን አጠበቁት። «ያ ልጅ ሽማግሌ ከላከ አፎቻው የት ነው እላለሁ። መልስ ከሌላቸው ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።»

በማግስቱ ረውዳ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖው ጋ ወረደች። ወረፋው ላይ የእድሩም የአፎቻውም ሴቶች ነበሩ። አባቷ ያሉትን ሳትደብቅ፣ ድምጿን ሳትቀንስ ለሁሉም ነገረቻቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰሟትና፣ «አይዞሽ፣ አርብን ጠብቂ» አሉ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሙሜ አባትና ሁለት የሶፊ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ አደም በክብር ተቀበሏቸው፤ ሻይ ቀረበ። ረውዳ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ጥያቄው መጣ።

«እዚህ ከተማ ከልጃችሁ ኋላ ማን አለ?»

ሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከቀጭኑ መንገድ ኮቴ ተሰማ፤ ግቢው በሴቶች ተሞላ፣ ለሌሎቹ ቦታ ጠፍቶ መንገዱ ላይ ቀሩ።

«ሐጂ፣ ከሙሜ ኋላ ማን አለ ይላሉ አሉ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ከፊት ሆነው። «እኛ አለን። ሰው አንድ ማኅበር አለው፤ እሱ ሁለት አለው።»

ሐጂ አደም ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ዓይናቸው ከሴቶቹ መሃል አንዷ ላይ ተተከለ።

«አሚና! አንቺ ደግሞ እዚያ ማዶ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ ሐጂ፣ አፎቻዬ ውጡ ሲል ከቀረሁ እቀጣለሁ» አሉ ወይዘሮ አሚና ፈገግ ብለው።

የሶፊ ሽማግሌዎች ሳቁን መቻል አቃታቸው። ሐጂ አደም አልሳቁም። የቆመውን ሰው ሁሉ አዩት፤ እነዚህ ሴቶች አምና በአንድ ጀሪካን ይደባደቡ ነበር። ረውዳ በበሩ ክፍተት የአባቷን ፊት ታያለች።

ሐጂ አደም ቀስ ብለው ተነሱ። ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያጠበቁትን ገመድ ራሳቸው ፈቱት፤ ምንጣፉንም አውርደው ግቢው ላይ ዘረጉት።

«ሰው ቆሞ አይስተናገድም» አሉ። «ተቀመጡ።»

ከዚያ እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ረውዳ ባዶ ጀሪካን አነሳችና ማንም ሳያያት በጓሮ በር ወጥታ ቁልቁል ሮጠች።

ሙሜ ቦኖው አጠገብ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ስትመጣ አየና ሊጠይቃት ፈራ።

«አባባ ምንጣፉን አወረዱት» አለችው እያለከለከች።

«ለምን?»

«መቀመጫ አነሳቸው።»

«ብቻ?»

ረውዳ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አስቀምጣ ውሃውን ከፈተች። ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አሁን መብሩክ በለኝ።»