በጥር ሾላ ስር

ዘአማኑኤል ከሾላው ግንድ ስር በጎኑ ተጋድሟል። ጥይት ደረቱን በስቶ በጀርባው ወጥቷል። ከሸለቆው ማዶ ሾፌሩ ሙንታሲር የተዋሰውን ጠመንጃ ጥሎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይጮኻል፤ «ድኩላ መስሎኝ ነው! ወላሂ ድኩላ መስሎኝ ነው!»

ማን ይመነው? የብረታ ብረት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ዘአማኑኤል ባለፈው ወር ከሥራ ሲያባርረው፣ ሙንታሲር በሰው ፊት «ቆይ፣ አገኝሃለሁ!» ብሎ ዝቶበታል። ያስታረቋቸው ሽማግሌው አዳኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። እርቁን በአደን እናጥብቀው ብለው፣ የሟችን ጓደኛ ሁንዴንም ጨምረው፣ ከአቃቂ በታች ወዳለው ጫካ ይዘዋቸው ወረዱ። አራት ሆነው ሄደው ሦስት ተመለሱ።

«ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ነገ ሆን ብሎ በመግደል ይከሰሳል» አለ አለቃው፣ መዝገቡን ለኢንስፔክተር ጃለታ ሲሰጠው። ጃለታ ደግሞ ያለቀ ጉዳይ ሲባል ደሙ ይፈላል። የዛሬው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመው አባቱ ጤፍ ይዘሩበት በነበረ ማሳ ላይ ነው፤ የገበሬ ልጅ ነውና ሰው ከማናገሩ በፊት መሬት ማየት ይወዳል። ሾላው ስር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንበረከክ ፖሊሶቹ በሆዳቸው ሳቁበት።

ከጣቢያው በር ላይ የሙንታሲር እናት ሰዓደት ጠበቁት። አቃቂ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ያለ አባት ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው።

«ልጄ በስህተት ገድሎ ከሆነ ለአላህ ሰጥቻለሁ» አሉት። «ነፍሰ ገዳይ ብለው ዕድሜውን ቢበሉት ግን እኔም አብሬ ሞትኩ!»

«እማማ፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ» አላቸው።

ጃለታ ሟች ሲሞት የለበሰውን ቡናማ ካፖርት ለሚስቱ ለናፍቆት አሳያት።

«የሱ አይደለም» አለች ወዲያው። «ብርቱካናማውን የፋብሪካ ሰደርያ አድርጎ ነው የወጣው። የመጀመሪያ አደኑ ስለሆነ ፈርቼ፣ ከሩቅ እንዲታይ ራሴ ነኝ ያስለበስኩት።»

ሁንዴ ሲጠየቅ አሁንም ይስል ነበር። «እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ጋሽ ተክሌ ሳልህ አውሬ ያባርራል አሉኝ።»

«ቦታ የደለደለው ማነው?»

«እሳቸው ናቸዋ! ሠላሳ ዓመት ያደኑ ሰው እያሉ ማን ይደፍራል?»

ጋሽ ተክሌ ቤት ግድግዳው ላይ የድኩላ ቀንድና የአንዲት ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል።

«እኔ አደን አላውቅም» አለ ጃለታ የዋህ መስሎ። «ድኩላ እንዴት ይገኛል?»

የሽማግሌው ፊት በራ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሲጠየቅ አፉን መዝጋት ያቅተዋል።

«በእግሩ ከተከተልከው ትደክማለህ። ሆዱን እወቅ! በክረምት ባቄላ ማሳ ዳር ነው። በመጋቢት የዚያ ሸለቆ ሾላ ሲረግፍ፣ ሾላ ስር ጠብቀው። በጥር ሣሩ ሲደርቅ ወደ ወንዙ፣ ወደ መስኖ ጎመኑ ይወርዳል። ወሩ ሲለወጥ ያልተለወጠ አዳኝ ባዶ እጁን ይገባል።»

«ልጅቷስ?»

«እምነት ትባላለች። ልጄ ነበረች» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጃለታ ናፍቆትንና ሰዓደትን ጨምሮ ሁሉንም ሾላው ስር ሰበሰበ። ሙንታሲር በካቴና ታስሮ መጣ።

«መሬቱን እዩልኝ» አለ ጃለታ። «አንድ የሾላ ፍሬ የለም። የድኩላ በጠጥ የለም፣ ኮቴ የለም። ታች ጎመኑ ውስጥ ግን የድኩላ ኮቴ ለጉድ ነው። ጋሽ ተክሌ፣ ትናንት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በጥር ድኩላ እዚህ አይመጣም። ታዲያ ዘአማኑኤልን እዚህ፣ ሙንታሲርን ማዶ ለምን አስቀመጡ?»

«ተሳስቻለሁ። ዕድሜ ነው።»

«ሙንታሲር፣ ምን ነበር ያሉህ?»

«ዘአማኑኤል ወንዝ ዳር ነው፤ ሾላው ስር ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየህ ሳትዘገይ ተኩስ አሉኝ። ለፖሊስ ብናገር ሰበብ ነው ተባልኩ።»

«ለሟች ደግሞ፣ ብርቱካናማው አውሬ ያባርራል ብለው ካፖርትዎን አለበሱት። ሰደርያው ዛሬ ጠዋት ከአደን ቦርሳዎ ውስጥ ተገኝቷል። ሙንታሲርን የመረጡትም ዝቶ ስለነበር ነው፤ ስህተት ነው ሲባል ሰው ባያምን፣ የሚታሰር ሰው ተዘጋጅቷል።»

«ለምን? ባሌ ምን አደረገዎ?» ናፍቆት ጮኸች።

ጃለታ መለሰላት። «ከስድስት ዓመት በፊት ፋብሪካው ሲቃጠል በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። እምነት ውስጥ ነበረች። ትናንት ማታ ያገላበጥኩት የእሳቱ መዝገብ ድንገተኛ አደጋ ይላል። ከዚያ ሽማግሌ ገባ፤ ጋሽ ተክሌም ይቅር አሉ።»

«ይቅር?» ሽማግሌው ሳቁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! በሩን የቆለፈው እሱ ነው፤ ሠራተኛ ለምሳ እንዳይወጣበት። ስድስት ዓመት አብሬው በላሁ፣ አብሬው ሳቅሁ። የት እንደሚውል፣ መቼ እንደሚዘናጋ እንደ አውሬ አጠናሁት። ድንገተኛ አደጋ አሉኝ፤ እኔም ድንገተኛ አደጋ ሰጠሁት! ደስ ብሎኛል። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ!»

ናፍቆት አንገቷን ደፋች። የበሩን ነገር ታውቅ ነበር፤ በእርቁ ያለቀ መስሏት እንጂ።

ካቴናው ከሙንታሲር እጅ ወጥቶ ሽማግሌው እጅ ላይ ገባ። ሙንታሲር ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ ሾላው ስር ከደረቀው ደም ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሰዓደት ወደ ጋሽ ተክሌ ተጠጉ።

«የገደለብዎን ገደሉ። የኔ ልጅስ ምን በደለዎ? በሱ ጣት ነው የተኮሱት። ትናንት ስጠይቀው፣ እማ እጄን ቁረጪልኝ አለኝ።»

ጋሽ ተክሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እኔም በቀል አውቃለሁ» አሉ ሰዓደት። «በየሳምንቱ ቃሊቲ እጠይቅዎታለሁ። ስንቅ አላመጣም። ልጄ ስንት ሌሊት እየጮኸ እንደነቃ፣ ስንት ቀን እህል እምቢ እንዳለው፣ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ይሰሙኛል።»

«ሰዓደት፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፤ አትምጪ።»

«እሁድ እመጣለሁ» አሉ ሰዓደት።