ሙት ያነደደው እሳት

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ ከተጨመረች የአምቦ ፍል ውሃ ይቀዝቅዝ፣ የወንጪ ሐይቅም ይድረቅ!

በ1998 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ ጾም፣ ሐሮ ወንጪ በምትባል የሐይቁ ዳር መንደር አንድ ሬሳ እሳት አንድዶ ሲሞቅ ተገኘ።

ሟቹ ፈዬራ ይባላል፤ የጀልባ መንገደኞች ዝናብ የሚጠለሉባት የሐይቅ ዳር ጎጆ ጠባቂ ነበር። ጠዋት ምድጃው አጠገብ ተንጋሎ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ሁለት ክንዶቹ አየር እንዳቀፉ ደርቀዋል። የጤና ባለሙያዋ ሬሳውን ዳብሳ፣ «ማታውን ነው የሞተው» አለች። እሳቱ ግን ገና መቀጣጠሉ ነበር። በጎጆዋ ውስጥ ክብሪት የለም። የነበረችው ሟቹ ከብስክሌት ጎማ መንፊያ በገዛ እጁ የሠራት የእሳት ቱቦ ብቻ ናት። ክር የተጠመጠመበት ዘንግ ጫፉ ላይ የከሰለ ጥጥ ይደረግና ወደ ቱቦው ይገባል፤ በመዳፍ አንዴ ሲመቱት የታፈነው አየር ግሎ ጥጡን ይለኩሳል። አገሬው በድምጿ «ጧ» ይላታል።

አገር ተሸበረ። ፈረሶች እንኳ በዚያ በኩል አናልፍም አሉ።

ከአምቦ ኢንስፔክተር አሻግሬ ተጠራ። አሻግሬ ማለት አምቦ ላይ ሲያስነጥስ አዲስ ዓለም ያለ ዶሮ ሌባ እጁን የሚሰጥለት ሰው ነው። ገደሉን በፈረስ ሲወርድ ጉሙ ራሱ መንገድ ለቀቀለት። ጎጆዋ ውስጥ ሲገባ ግን ማጅራቱን ብርድ ብርድ አለው፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ።

መጀመሪያ ሬሳውን ያገኘውን የሟቹን ታናሽ ወንድም፣ ፈረስ አከራዩን ጉርሙን አስጠራ።

«ከወንድምህ ጋር ትጣላላችሁ አሉ?»

«እንግዳው በጀልባ ይሂድ፣ በፈረስ ይሂድ እያልን እንጨቃጨቅ ነበር። ወንድማማች አይጨቃጨቅም እንዴ ጌታዬ?»

«ያን ጠዋት ምን ሆነ?»

«ከጸሎት ቤት ስመለስ፣ ላይኛው መንገድ ላይ ሆኜ ጧ! ሲል ሰማሁ። ፈዬራ ተነስቷል ብዬ ዞሬ ወረድኩ። ስደርስ... ዋቃዮ! እጁን ብነካው ድንጋይ ነው። እሳቱ ይነዳል።»

«ሙት አነደደ ልትለኝ ነው?»

«የሰማሁትን ነው የምልዎት።»

ቀጥሎ ጀልባ ቀዛፊው ጉዩ መጣ።

«አንተ ጧን ትችልበታለህ?»

«እኔ? ኦቦ ፈዬራ ሦስት ዓመት አስተምረውኝ የተረፈኝ የመዳፍ ቁስል ነው። ክሩ ካልወዛ አየሩ ያፈተልካል። ወዝቶም ቀስ ብለህ ከመታህ አይግልም። እሳቸው ክሩን በምላሳቸው አርሰው፣ ኑግ ዘይት ቀብተው፣ አንዴ ነው!»

«በቅቤስ አይሆንም?»

«በሁዳዴ? ምላሳቸው የሚነካውን? እሳቸው እኮ በጾም ቅቤ የሚነጠርበት ደጅ አይቆሙም!»

አሻግሬ ክሩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ያ አፍንጫ አምቦ ሆኖ ወሊሶ ላይ የተጠበሰ ሥጋ የበግ ይሁን የፍየል የሚለይ አፍንጫ ነው። ፈገግ አለ።

የሟቹን ሚስት ሲንቄን በአንድ ጥያቄ አለፋት። ራሷን በወዛ ጨርቅ ጠፍራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ ሲንቄ፣ ባለቤትዎ ጠላት ነበራቸው?»

«የለውም።»

«እግዜር ያጽናዎት።»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን፣ ጉርሙን፣ ጉዩንና ሲንቄን ጎጆዋ ውስጥ ሰበሰበ። ውጭው ያካፋል። ሁሉም ከቀዘቀዘው ምድጃ ርቆ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

«አባቶች፣ ሙት እሳት አያነድም!» አለ አሻግሬ። «ሰውየው ማታ ሞቷል፣ እሳቱ ጠዋት ነዷል። እንግዲህ ያነደደው ሌላ ሰው ነው። ለምን? ሬሳው ሞቆ የጠዋት ሟች እንዲመስል! በምን? በጧ። ጉዩ አይችልበትም። የሚችልበት ቤተሰብ ነው። ታዲያ ክሩን ባሸተው ምን ይሸተኛል? ቅቤ! ፈዬራ ይጾማል፣ ባለቤቱም ይጾማሉ። ከዚህ ቤተሰብ ሁዳዴን የማይጾም ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ጴንጤው ጉርሙ ዞረ።

«ክንዶቹን አስቡ! አቅፎ ነው የሞተው። ሰው ጠላቱን አያቅፍም፤ እንታረቅ ያለውን ወንድሙን እንጂ! ጉርሙ አቅፎት፣ ገፍቶ ከድንጋይ አጋጨው። ከዚያ ጧ ሰማሁ ብሎ ሙት አሳበበ!»

«እኔ ወንድሜን?» ጉርሙ ተንበረከከ። «ኢንስፔክተር፣ አምስት ልጆች አሉኝ!»

ካቴናው ቀጭ አለ።

«ቅቤው የኔ ነው» አለች ሲንቄ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«ምን አሉ?»

የራሷን ጨርቅ ፈታች። ፀጉሯ በቅቤ ርሷል። «ራስ ምታቴ ተነስቶብኝ አናቴን ተቀብቼ ነበር። የንስሐ አባቴ መቀባት መብላት አይደለም ብለውኛል። ፈዬራ ሲያመሽ እዚሁ አደረ ብዬ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ስወርድ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አዳልጦት ነው፤ እግሩ ጭቃውን የሰነጠቀበት ፈለግ ይታይ ነበር። እንጨቱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ አቅፎታል። እሱን ላለመጣል ብሎ እጁን ሳይዘረጋ፣ በግንባሩ ወደቀ።»

የደረቁት ክንዶች በአሻግሬ ዓይን ላይ ድቅን አሉ።

«እንጨቱን ከእቅፉ ፈልቅቄ አወጣሁና ወደ ውስጥ ጎተትኩት። ያንኑ እንጨት ነው ያነደድኩለት። ዘይቱ አልቆ ስለነበር ክሩን በፀጉሬ አሸሁት። ከዚያ ቄሱን ልጠራ በአቋራጩ ወጣሁ። ጉርሙ የሰማው የኔን ጧ ነው።»

«እና ይህን ሁሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠላት ነበረው ወይ አሉኝ፤ የለውም አልኩ። ሌላ ምን ጠየቁኝ?»

ተነስታ ቱቦዋን ከእጁ ወሰደች። ክሩን በጉንጉኗ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ጥጡን ጫፉ ላይ ሰክታ፣ በመዳፏ መታችው። ጧ! ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ዘንጉን ስትመዘው ጫፉ ላይ ቀይ ፍም በርቷል።

አሻግሬ የካቴናውን ቁልፍ አውጥቶ ጉርሙን ፈታ። «እትዬ ሲንቄ... ለሞተ ሰው እሳት?»

ሲንቄ ፍሙን ወደ ባዶው ምድጃ ይዛ ጎንበስ አለች።

«የሞተ አይበርደውም ይላሉ» አለች። «እኔ ግን እጁን ይዤው ነበር።»