የሁሴን ቤት ምሰሶ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ሮቢት የሆነውን ላውጋችሁ።

ድንጋይ ጠራቢው ሁሴን የአፈር ጣሪያው ተደርምሶበት ሞተ። ቤቱን የሠራለት አደም ነበር። ሁሴን ለመንገዱ ሥራ ይፈለግ ነበርና ጣሊያኑ ሹም፣ «አናጢው በበሰበሰ እንጨት ገደለው፤ ዛሬውኑ ይሰቀል» አለ። ቃዲ ሐሚድ እስከ አሱር ሶላት ጊዜ እንዲሰጣቸው ለምነው ፍርስራሹን ሊያዩ ወረዱ።

የሁሴን ጎረቤት ሙሔ ቀድሞ ጠበቃቸው። «ምኑ ይመረመራል አባባ? ምስጥ ነው! አፈር አልብሶ ጨረሰው።»

«አየኸው?»

«ቆላ አይደለም እንዴ? ምስጥ ያልበላው ምን አለ!»

ቃዲው መልሱን አልወደዱትም። አደም እጁን ታስሮ ተቀምጧል። «ወላሂ አባባ፣ ወይራ ነው ያቆምኩት። እግሩንም ምስጥ እንዳይደፍረው በእሳት ለብልቤዋለሁ።»

የሟች ሚስት መሊካ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአጣዬ ገበያ ስንመለስ ምሰሶው ላይ አፈር አየሁ። ምስጥ መስሎኝ ተውኩት፣ ወየው ለኔ! ደግሞ ሁሴን፣ አርበኞቹን ለጣሊያን የሚጠቁመውን ደርሼበታለሁ፣ ጁምዓ ለጀመዓው እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ማን እንደሆነ ነገረሽ?»

«ለአንቺ አይበጅም አለኝ።»

ቃዲው ተንበርክከው የምሰሶውን ግርጌ ፋቁ። አፈሩን በጣታቸው ፈረፈሩት። ከዚያ ሙሔ አዲስ ባስመረገው ግድግዳ በኩል ዞረው ተመለሱ።

አሱር ላይ ሁሉም ተሰበሰበ፤ ሹሙም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ።

«ያ ጀመዓ» አሉ ቃዲው፣ «ምሰሶው በመጋዝ ተቆርጧል። ሰዎቹ ገበያ ሲውሉ አንዱ ገብቶ፣ ጥቂት አስቀርቶ ገዘገዘና ቁስሉን በጭቃ መረገው። ንፋስ ሲነሳ ጣሪያው ወረደ።»

«የምን ጭቃ? የምስጥ አፈር ነው!» አለ ሙሔ።

ቃዲው መዳፋቸውን ከፍተው አፈሩን አሳዩ። «ጭድ አለበት። ምስጥ ጭድ ይበላል እንጂ አቡክቶ አይመርግም።»

«ጭቃማ አደምስ ያቦካ የለ!»

«ልክ ነህ። የእኛ ጭቃ ግን የጤፍ ጭድ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ይሄ ወፍራም የስንዴ ገለባ ነው፤ በካሚዮን ለጣሊያኖቹ ካምፕ በቅሎዎች የሚመጣው።» ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። «ይሄን ደግሞ ከግድግዳህ ፈረፈርኩት። ያው ነው። በየሰፈሩ ዞሬያለሁ፣ ሌላ ቤት የለም። የካምፑን ገለባ ለአንተ ብቻ ማን ሰጠህ ሙሔ? ለምን ውለታ?»

ሙሔ ዞሮ ጣሊያኑን አየ። ለጀመዓው ያ በቃው።

ሹሙ ጥቂት አሰበ። የታወቀ ጠቋሚ ምን ይሠራለታል? አደም ተፈታ፤ ሙሔ ታሰረ።

መሊካ አደም ፊት ቆመች። «ዕንባዬ ይቆየኝ። ልጆቹ ሜዳ ላይ አያድሩም፤ ቤቱን መልሰህ ሥራልኝ።»

«ነገ አፈር አቦካለሁ» አላት፣ እጁን እያሻሸ።

አደራ ልጆቼ፣ ሁሴንን በዱዓችሁ አስቡልኝ።