የግራው ዲስክ

ጥፍሯ ያዘ።

አይሌን ጋራዡ ውስጥ፣ ጎማዋ በወለቀ መኪና አጠገብ፣ እጇን መለሰችና እንደገና ሞከረች። የአውራ ጣቷን ጥፍር በፊተኛው የግራ ጎማ የፍሬን ዲስክ ላይ አሳርፋ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያደረገች ጎተተችው። ብረቱ አሁንም ለብ ይላል። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ቀጭ። እዚያው ቦታ ላይ። የእጅ ባትሪዋን አስጠግታ ስታበራ መስመሩ ታያት፤ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር ስንጥቅ፣ ከዲስኩ መሃል ተነስቶ እስከ ጠርዙ የደረሰ።

«አይሌን! ጨረሽ እንዴ?» አባቷ ኦራሲዮ ከጓሮ ተጣራ።

«ትንሽ ቀረኝ!»

ከጓሮው የጥብስ ሽታና የወንዶች ሳቅ ይመጣል። አባቷና ጓደኞቹ ከጠዋት ጀምረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመኪና መሮጫ ትራክ ላይ ሲነዱ ውለው መመለሳቸው ነው። እሽቅድምድም አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። ፈጣን መኪና ያለው ሁሉ ይመጣና እስኪበቃው ድረስ ይዞራል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያው ሲያወራ ይከርማል። አይሌን የጃኬቷን ኮሌታ እስከ ጆሮዋ ስባ፣ የሸለቆው ነፋስ አሸዋ እያለበሳት፣ አጥሩ ሥር ቆማ ስታይ ዋለች። ቀይዋ መኪና ባለፈች ቁጥር እጇን ታነሳለች። አባቷ ያያት አይመስላትም።

ከትራክ መልስ መኪናዋን መፈተሽ የእሷ ሥራ ነው። ድሮ የሁለቱ ነበር። እሱ ከመኪናዋ ሥር ይተኛል፤ እሷ መፍቻ ታቀብላለች። «መኪና ትራክ ላይ ስትውል በአንድ ቀን የዓመት ድካም ነው የምትደክመው» ይላት ነበር። «ስለዚህ አመስግነሽ ብቻ አትተያትም፤ ትጠይቂያታለሽ። ዘይትሽ ጎደለ ወይ? ጎማሽ ተበላ ወይ? የላላ ብሎን አለሽ ወይ?» ስለ ዲስክም ያስተማራት እሱ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስሉ ጥቃቅን መስመሮች ከሙቀት የመጡ ናቸው፤ አያስፈሩም። ጥፍር የሚይዝና ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ግን ዲስኩ አለቀለት ማለት ነው። አንድ ቀን ፍሬን ሲረገጥ ለሁለት ይከፈላል።

በኋላ አባቷ አኜሎ የሚባል ሩቅ ቦታ ወዳለው የነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ገባ። ብዙ ቀን እዚያ ይቆይና ለእረፍት ሲመጣ የሚጠብቁት ሰዎች በዙ። «አንቺ አሁን ከኔ በላይ ጎበዝ ሆነሻል» ብሎ ፍተሻውን ሙሉ በሙሉ ለቀቀላት። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። ሙገሳው ብቻዋን መሬት ላይ ተጋድማ የሌሎችን ሳቅ መስማት ማለት መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው።

ነገ ደግሞ በዓል ነው። ነገ እሷና አባቷ በዚህች መኪና ወደ ተራሮቹ፣ ወደ ላካር ሐይቅ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ የቀረ ጉዞ ነው። አንዴ ሥራ ተደርቦበት ቀረ፤ አንዴ ደክሞት ተኝቶ ቀረ። የዚህች መኪና ትልቁ ደግነቷ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መሆኗ ነው። ሌላ ሰው ቢፈልግም መግቢያ የለውም። ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ባላያት ክፍል ውስጥ፣ ፒላር የምትባለው ልጅ «ለበዓሉ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት አይሌን «ከአባቴ ጋር ሐይቅ» ብላ መልሳለች። ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ ጣፍጧት ነበር።

ነገ መለዋወጫ ቤቶች ዝግ ናቸው። ከነገ ወዲያ አባቷ ወደ ሥራ ይመለሳል።

አይሌን ባትሪዋን አጠፋች። ስታጠፋው ስንጥቁ ጠፋ፤ ዲስኩ እንደማንኛውም ዲስክ ሆነ። መኪናዋ ከትራክ እዚህ ድረስ በሰላም መጥታ የለ? ዝም አይነቅዝም፤ ዝም ብትልስ? ጎማውን አንስታ ቦታው መለሰችው። ብሎኖቹን እያፈራረቀች በደንብ አጠበቀች፣ ክሪኩን አወረደች፣ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ሁሉም ደህና ነው» አለች።

«መካኒኳ መጣች! ቦታ ልቀቁ!» አለ ኔልሰን። ኔልሰን የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በሩን በጎን ካልሆነ የማያልፍ ወፍራም ሰው ስለሆነ ሁሉም «ቀጮ» ይሉታል። «ነይ ብዪ የኔ ልጅ፤ አባትሽ ሥጋውን ሊያሳርረው ነው።»

«አንተ አፍህን አሳርር» አለው አባቷ። ዳቦ ሰንጥቆ ትኩስ ቋሊማ አስገባና ለአይሌን ሰጣት። ከዚያ በአንድ እጁ ትከሻዋን እቅፍ አደረጋት። ጭስ ጭስና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «ነገ እኔና እሷ ላጥ ልንል ነው! ሐይቁ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ አይደል ቀጮ? ያንን ጥምዝምዙን? እዚያ ላይ ይቺ መኪና ምን እንደምትችል አሳያታለሁ። ፍሬኗን አታውቀውም፤ ሲረገጥ እንደ ድንጋይ ቀጥ ያደርጋታል!»

አይሌን ዳቦውን ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ቁልቁለቱን በፎቶ አይታዋለች። በአንድ በኩል ገደል ነው። የአባቷ እግር ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ፣ ከታች ብረቱ ለሁለት ሲከፈል ታያት። ትከሻዋ ላይ ያለው እጁ ይሞቃል። ትንሽ ቆየች፤ እጁ ከዚያ እስኪነሳ ድረስ። ኦራሲዮ ሥጋውን ሊገለብጥ ሲነሳ እሷም ተነስታ ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

ብሎኖቹን ራሷ ነበር ያጠበቀቻቸው፤ መፍታቱ እልህ አስጨረሳት። ጎማው ሲወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«አባ፣ አንዴ ና።»

«ምግብሽ ይቀዘቅዛል እኮ!»

«አባ። ና።»

የሥጋ መገልበጫውን እንደያዘ መጣ። ባትሪውን አብርታ አሳየችው።

«ይሄ?» ሳቅ አለ። «የሙቀት ነው አቦ፤ አትፍሪ።»

አይሌን አልተከራከረችም። እጁን ያዘችና አውራ ጣቱን ዲስኩ ላይ አድርጋ ጎተተችው። ቀጭ። ኦራሲዮ ሳቁን አቆመ። ራሱ ደገመው። ከዚያ ተነሳ።

«እሺ» አለ። «ሌላ ጊዜ እንሄዳለን።»

ጭንቅላቷን ዳሰስ አድርጎ ወጣ። ይህን ቃል ታውቀዋለች። ከጓሮው አንዱ «ወይኔ፣ አያሳዝንም!» ሲል ሰማች፤ ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። አይሌን የወለቀው ጎማ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ነፋሱ የዛፎቹን ቢጫ ቅጠል በበሩ ሥር እየገፋ ያስገባል፤ እሱን ስታይ ቆየች። ትክክለኛውን ነገር አድርጎም እንዲህ መጉደል ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሰማዩ ሲቀላ እንግዶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። መጨረሻ የወጣው ቀጮ ነበር። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ አባቷ መጥቶ የተገለበጠ የፖም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«መጨረሻ ስዞር ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥብኝ ነበር» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።» እጆቹን አያቸው። «ሁለቴ ቀርቼብሻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ቀረሁ ልልሽ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ከፈተሽሽው በኋላ ሁሉም ደህና ነው ስትዪ... ደህና ነው ብዬ ተውኩት።»

አይሌን ፊቷ ጋለ። ያን ሁሉ ነገር በእሷ ላይ ጥሎ ሥጋ ይገለብጥ ነበር! ልትጮህበት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔም አይቼው ነበር። አይቼ ነው ጎማውን የገጠምኩት። ደህና ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ኦራሲዮ ቀና አለ። «ምን ነካሽ ልጄ? ብንሞትስ? ለምን?»

«ከአንተ ጋር መሄድ ስለፈለግኩ ነዋ!»

አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ።

«ዲስክ የሚለወጠው ጥንድ ጥንዱን ነው» አለ ድምፁን ጠርጎ። «የቀኙንም ማየት አለብን። አንቺ መፍታት ጀምሪ፤ እኔ ሳህኖቹን ላንሳና...»

አይሌን መፍቻውን በልማድ አንስታ ነበር። መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ብቻዬን አልጀምርም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ዝግ ብሎ ወጣ። «እጠብቅሃለሁ።»

ኦራሲዮ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጓሮው አየ፤ ሳህኖቹን፣ እየከሰመ ያለውን ፍም። ከዚያ እሷን አየ። እጅጌውን ሰበሰበና ወደ ቀኙ ጎማ ሄደ። አይሌን ግን ወዲያው አልተነሳችም። መጀመሪያ ጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቀች።